ሰዓቷ አልተሳሳተችም፤ ሞላዋ ነው የላላው

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ለጠብ የቀረበ ክርክር ነበር። ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህርና ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ ልጅ ቼዝ ይጫወታሉ። ለእያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ ነው፤ አንዱ ተጫውቶ ሰዓቷን ሲጫን የእሱ ቆሞ የሌላው መቁጠር ይጀምራል፣ ጊዜው ያለቀበት ይሸነፋል። ሰዓቷ የልጁ ናት። ጋሼ ጨዋታውን ጨርሰውታል ማለት ይቻላል፤ ማት ለማለት፣ ማለትም የልጁን ንጉሥ መውጫ ለማሳጣት፣ ሁለት እርምጃ ነው የቀራቸው። ጊዜ ግን ሊያልቅባቸው ነው። ስክሪኑ 9 ሰከንድ ይላል። ንግሥቷን አንቀሳቀሱና ሰዓቷን በመዳፋቸው ጧ አደረጓት። ሰዓቷ ድርግም ብላ ጠፋች። ወዲያው ተመልሳ ስትበራ ሁለቱም ጎን 5:00 ያሳያል።

«ይቺ ሰዓትህ ድሮም ሰከንድ ትበላለች!» አሉ ጋሼ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ በጥፊ ያሏት?»

ዳር ቆሞ የሚያይ ሁሉ ዳኛ ሆነ። ቡና የምታፈላው ልጅ እንኳ «አብሽሩ፣ እንደገና ጀምሩ» ብላ ነበር፤ የሰማት የለም። እኔ ሬዲዮና ሞባይል ስነካካ የምውል ሰው ነኝ። ካቻቢቴ ከኪሴ አይጠፋም። ሰዓቷን ተቀብዬ ጀርባዋን ከፈትኩት። ነገሩ እስኪበርድ ደግሞ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ።

«ሰከንድ ትበላለች» የሚለውን ክስ ደሴም ኮምቦልቻም ቼዝ ባለበት ሁሉ እሰማዋለሁ። እስካሁን ግን በእውነት ሰከንድ የበላ ዲጂታል ሰዓት አላጋጠመኝም። የተበላሸ ብዙ አይቻለሁ። ብልሽቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሁለት ቦታ ነው፦ ጣት ከሚያርፍበትና ድንጋይ ከሚገባበት። ድንጋይ ስል የባትሪ ድንጋይ ማለቴ ነው፤ ያ ለግድግዳ ሰዓት የምንገዛው ቀጭኑ።

መጀመሪያ ስለማይበላሸው ነገር ላውራ። ዲጂታል የቼዝ ሰዓት ሲከፈት ውስጡ ብዙም የሚያስደንቅ ነገር የለም። አንድ ቺፕ ያለበት ሰሌዳ፣ ስክሪን፣ የድንጋይ ማስቀመጫ፣ ጥቂት ሽቦ። ከቺፑ አጠገብ ግን ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የብረት ቱቦ አለች። ጊዜው የሚለካው እዚያ ነው። ውስጧ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ፤ ሁለት ጣት እንዳለው ሹካ ተደርጎ የተቀረጸ። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይንቀጠቀጣል፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ።

ይህ ቁጥር በዘፈቀደ አልተመረጠም። 32,768ን ለሁለት ክፈሉት። የመጣውን እንደገና ለሁለት ክፈሉት። 15 ጊዜ ስትደጋግሙት 1 ይቀራል። ለሁለት ማካፈል ደግሞ ለቺፕ ከሁሉ የሚቀል ሥራ ነው። እናም ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ 15 ደረጃ ወርዶ በሰከንድ አንድ ምት ይሆናል። ባለ ድንጋይ የእጅ ሰዓትም የግድግዳ ሰዓትም በአብዛኛው የሚሠሩት በዚሁ ነው።

ይሳሳታል? አዎ፣ ይሳሳታል። ተራ ኳርትዝ ከአንድ ሚሊዮን ሰከንድ ውስጥ እስከ 20 ሰከንድ ሊዛነፍ ይችላል። አንድ ሚሊዮን ሰከንድ 11 ቀን ተኩል ገደማ ነው። ወደ ቼዝ ስናመጣው፣ 2 ሰዓት በሚፈጅ ጨዋታ ስህተቱ 0.14 ሰከንድ ነው። በ5 ደቂቃ ጨዋታ 0.006 ሰከንድ። በዚህች ጊዜ ውስጥ ዓይናችሁን እንኳ አትጨፍኑም።

ኮምቦልቻዎች ሌላ ክስ አላቸው። «የደሴ ብርድ ሰዓት ያዘገያል» ይላሉ። እኛን ለመንካት የሚሉት ቢሆንም ጨርሶ ውሸት አይደለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ ሰው ጃኬቱን የሚፈልገው ለዚህ ነው። የሹካ ቅርጽ ያለው ኳርትዝ ደግሞ በትክክል የሚሠራው 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ከዚያ ሲሞቅም ሲበርድም ይዘገያል። 10 ዲግሪ በሆነ የደሴ ማለዳ ከሚሊዮኑ 8 ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ኮምቦልቻ በ28 ዲግሪ ምንም አይነካውም ማለት ይቻላል። ልዩነቱን ስታሰሉት በሰዓት 0.03 ሰከንድ አይሞላም። ጦሳ ተራራ ላይ ወጥታችሁ ብትጫወቱም በዚህ ምክንያት የሚሸነፍ ሰው የለም።

ሌላው ደግሞ ይህን ክርክር ሁሉ የሚዘጋ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች የሚቆጠርላቸው በአንድ ኳርትዝ ነው። ቢዘገይ ለሁለቱም ይዘገያል፤ ቢፈጥን ለሁለቱም ይፈጥናል። ለጋሼ ብቻ የሚፈጥንበት መንገድ የለውም።

በድሮው ባለ ጠቋሚ ሰዓት ይህ አልነበረም። እዚያ አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ናቸው ያሉት፤ እያንዳንዱ የራሱ ሞላ፣ የራሱ ጥርስ አለው። አንዱ ከሌላው ሊፈጥን ይችላል። ሐሳቡ የመጣው ከ1883 እ.ኤ.አ የለንደን ውድድር ነው። ሁለት ሰዓቶችን እንደ ሚዛን በሚያዘነብል እንጨት ላይ አስቀመጧቸው፤ አንዱ ሲራመድ ሌላው ይቆማል። ከዚያ በፊት በአሸዋ ሰዓት ተጫውተዋል። በኋላ ትንሿ ባንዲራ መጣች። የደቂቃው ጠቋሚ 12 ላይ ሲደርስ ባንዲራዋ ትወድቃለች፤ ጊዜ አለቀ ማለት ነው። ግን ከመውደቋ በፊት ጠቋሚው ላይ ተንጠልጥላ ትቆያለች። 10 ሰከንድ ይቅረው 40 ሰከንድ በዓይን መለየት ያስቸግራል። «ፍላግ ወድቋል፣ አልወደቀም» የሚባለው ጭቅጭቅ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

በነገራችን ላይ የራሳችን ሰንጠረዥ፣ የድሮው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ለየትኛውም ሰዓት የሚመች ጨዋታ አይደለም። መጀመሪያው ላይ ወረራ የሚባል ክፍል አለው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል፣ በየራሳቸው ፍጥነት ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ተራ በሌለበት የማንን ሰዓት ታስቆማለህ?

ወደ ጣት ልመለስ። ዲጂታል ሰዓትን በእጅ ሲነኩት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ላዩ ላይ እንደ ሚዛን የሚያዘነብል ዘንግ ያለው ነው፤ በአንድ በኩል ስትጫነው በሌላው ይነሳል። በትልልቅ ውድድሮች ላይ የሚታዩት የኔዘርላንዶቹ ዲጂቲ 2010 እና ዲጂቲ 3000 እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው በየጎኑ የየራሱ ቁልፍ ያለው ነው። ሦስተኛው ሲነካ ብቻ የሚሠራ ነው፤ አሜሪካ የተሠራው ክሮኖስ ከብረት ሳጥኑ ጋር በዚህ ይታወቃል። መጫን የለም፣ ጣት ማሳረፍ ይበቃል።

እኔ የሚዛኑ ደጋፊ ነኝ። አንድ ምክንያት አለኝ፦ ከሩቅ ይታያል። ማን ላይ እየቆጠረ እንደሆነ ለማወቅ ስክሪን ማንበብ አያስፈልግም። ከፍ ያለው የማን ጎን እንደሆነ ማየት ብቻ ነው። ዓይናችሁ ሰሌዳው ላይ ሆኖ በጥግ በኩል ይታያችኋል። ቁልፍ ባለው ሰዓት ግን ወይ መብራቷን ትፈልጋላችሁ፣ ወይ የትኛው ቁጥር እየወረደ እንደሆነ ታፈጥጣላችሁ። 9 ሰከንድ ለቀረው ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

የመነካቱ ስሜት የቅንጦት ጉዳይ የሚመስላቸው አሉ። «ሰዓት ሰዓት ነው፣ እስከቆጠረ ድረስ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ስሜቱና አስተማማኝነቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ማንኛውም ቁልፍ ውስጥ ሁለት ነገር ይከናወናል። አንዱ ጣታችሁ የሚሰማው «ቀጭ» ነው። ሌላው ውስጥ ያሉት ሁለት ብረቶች የሚነካኩባት ቅጽበት ናት። በጥሩ ሰዓት ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚሆኑት። ቀጭ ሲል ተነካክቷል። በርካሽ ወይም ባረጀ ሰዓት ግን ቀጭታው ይቀድማል። ጣታችሁ «ጨርሻለሁ» ብሎ ይነሳል፣ ብረቱ ግን ገና አልደረሰም። ዘንጉ ዘንበል ብሏል፣ የእናንተ ጊዜ ግን መሮጡን አላቆመም። ተቃዋሚያችሁ ጨዋ ከሆነ ይነግራችኋል። ጨዋ ካልሆነ ደግሞ አገጩን ይዞ በጥልቀት የሚያስብ ይመስላል።

እንዲህ አንዴ የተበላ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ያደርጋል? በኃይል ይመታል። ቀጭታውን አላምነውም ብሏላ! በኃይል ሲመታ ቁልፉ የባሰ ይላላል። የባሰ ሲላላ እሱም የባሰ ይመታል። ጋሼ ባህሪያቸው ሆኖ አይደለም የሚመቱት፤ ላስቲኩ በሟሸሸ ሰዓት ዓመታት ተጫውተው ነው። እጃቸው የተማረው ከመጥፎ ሰዓት ነው።

ቁጥሩንም አስቡት። በአንድ የ5 ደቂቃ ጨዋታ ሁለቱ ሰዎች 40፣ 40 እርምጃ ቢጫወቱ ሰዓቱ 80 ጊዜ ይጫናል። ቅዳሜ ከሰዓት 20 ጨዋታ ብናደርግ 1,600 ጊዜ ነው። ለቴሌቪዥን ሪሞት እንኳ ይህን ያህል አንጨክንም።

ሁለት ጊዜ የሚጫኑም አሉ፤ ቀጭ ቀጭ። ይህ ጉዳት የለውም፤ የናንተ ጎን አንዴ ከቆመ ደግማችሁ ብትጫኑት የሚለወጥ ነገር የለም። በነገራችን ላይ ቺፑም አንዷን ንክኪ ሲያይ ወዲያው አያምንም። ሁለት ብረቶች ሲጋጩ ሲሚንቶ ላይ እንደወደቀ ቆርኪ ጥቂት ይነጥራሉ፤ ለጥቂት የሰከንድ ሺህኛ ያህል። ቺፑ ነገሩ እስኪረጋጋ ትንሽ ይጠብቃል። ይህ መጠበቅ በጣት የማይታወቅ ነው፣ ለሁለቱም ተጫዋች ደግሞ እኩል ነው።

አሁን ወደዚያች የልጁ ሰዓት። ስከፍታት ያየሁት ይህን ነው፦ ድንጋዩን የሚገፋው ሞላ ተጨፍልቆ ተኝቷል። ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። ቀድሞ የነበረው ድንጋይ ውስጧ ደርቆ፣ ፈሳሹ ወጥቶ ነው። አዲሱ ድንጋይ ገብቷል ግን ሞላው በቅጡ አልያዘውም። ሲመቷት ድንጋዩ ወደ ኋላ ነጠረ፤ ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ተቋረጠ። ጥሩ ሰዓቶች ይህን ቅጽበት የሚያሻግር ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ አላቸው። በርካሾቹ ይህ ወይ ትንሽ ነው ወይ የለም። ቺፑ ሞቶ ተነሳ። ከሞት የተነሳ ቺፕ ደግሞ የሚያውቀው መጀመሪያ የተሞላለትን ብቻ ነው፦ 5:00።

ነገሩ ቀላል ነው። ሞላውን በካቻቢቴው ጫፍ ሳብ አድርጌ ዘረጋሁት፣ ዱቄቱን በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠረግሁት። ተጨባጭ ጥገና የሚባለው ይኸው ነው። ሰዓት አልጠገንኩም፤ ሞላ ነው የጎተትኩት።

ድንጋይ ሲደክም ስክሪኑ ቀድሞ ይናገራል። ፊት ለፊት ስታዩት ቁጥሩ ገርጥቶ፣ አዘንብላችሁ ስታዩት ጠቆር ካለ ድንጋዩ እያለቀ ነው። ጨዋታ ከመጀመራችሁ በፊት ቀይሩት። ብርድም የሚያስቸግረው ካለ ይህን ስክሪን ነው፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይወፍርና ቁጥሮቹ ቀስ ብለው ይቀያየራሉ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ያጋጥማል። ሰዓቱን መኪና ውስጥ፣ መስታወት ስር ፀሐይ ላይ ትታችሁ ስትመለሱ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ታገኙታላችሁ። አትደንግጡ፤ ጥላ ውስጥ ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። በሁለቱም ጊዜ ቆጠራው ውስጥ ለውስጥ ቀጥሏል።

ከጣትና ከድንጋይ ቀጥሎ የሚያጣላው ሰዓቱን የሞላው ሰው ነው። አንዳንድ ሰዓቶች፣ ዲጂቲ 2010ን ጨምሮ፣ ከ20 ደቂቃ በላይ ሲሆን የሚያሳዩት ሰዓትና ደቂቃ ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ወደ ደቂቃና ሰከንድ ይቀየራሉ። ስለዚህ 1:30 አንዴ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ አንዴ ደግሞ 90 ሰከንድ። ለለመደው ምንም አይደለም። አንድ ጀማሪ ግን 0:25 የሚለውን አይቶ 25 ሰከንድ የቀረው መስሎት ንግሥቱን በነጻ ሲሰጥ አይቻለሁ። የቀረው 25 ደቂቃ ነበር።

ተጫዋቾች ኢንክሪመንት የሚሉት ጭማሪም አለ። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የተወሰነ ሰከንድ ይጨመርላችኋል። 3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ስንጫወት፣ 60 እርምጃ ከሄድን በድምሩ 2 ደቂቃ አገኘን ማለት ነው። ሐሳቡ የአሜሪካዊው የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን የቦቢ ፊሸር ነው፤ በ1989 እ.ኤ.አ የፈጠራ መብት ወስዶበታል፣ በ1992 እ.ኤ.አ ከድሮ ተቀናቃኙ ከቦሪስ ስፓስኪ ጋር በድጋሚ ሲጋጠም ደግሞ ተጠቅሞበታል። ዲሌይ የሚባለው ሌላ ነው፤ እዚያ ጊዜ አይጨመርም፣ ሰዓቱ መቁጠር ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሰከንድ ይታገሳል። በጭማሪ ፈጣን ሰው ጊዜ ያጠራቅማል፤ በዲሌይ ግን ያልተጠቀማችሁበት ይቀራል። የሰኞ ገበያ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ይረዳዋል፦ አንዱ ይዘውት የሚሄዱት ምርቃት ነው፣ ሌላው እዚያው የሚቀር ቅምሻ።

ሰዓቱ የተነገረውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ተጫዋቹ ደግሞ ሌላ ነገር ሊያውቅ ይችላል። በ2015 እ.ኤ.አ ኖርዌይ ውስጥ ማግነስ ካርልሰን፣ ያኔ የዓለም ሻምፒዮን፣ ቬሴሊን ቶፓሎቭን እያሸነፈ ሳለ በጊዜ ተሸነፈ። 60ኛው እርምጃ ላይ ተጨማሪ ጊዜ የሚሰጠው መስሎት ነበር። የዚያ ውድድር ደንብ ግን ይህን አይሰጥም። ሰዓቱ በትክክል ሠርቷል። እናም ከመጨባበጥ በፊት «ስንት ነው፣ ጭማሪ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ደንቡስ ምን ይላል? የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ጠጠር ባንቀሳቀሳችሁበት እጅ ሰዓቱን ተጫኑ ይላል። ጣትን ቁልፉ ላይ አሳርፎ መጠበቅ አይፈቀድም። ሰዓቱን በኃይል መምታት፣ ማንሳት፣ መገልበጥም ክልክል ነው። ግልጽ ብልሽት እስካልታየበት ድረስ ደግሞ ሰዓቱ ያሳየው የመጨረሻ ቃል ነው። «ሰከንድ ትበላለች» ክስ አይሆንም። ብልሽቱ ግልጽ ከሆነ ግን ዳኛው ሰዓቱን ይቀይራል፤ አዲሱ ላይ ስንት መሞላት እንዳለበትም በራሱ ግምት ይወስናል።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፣ ዳኛ ባይኖረንም። ጠጠሩ አልተነካም። የጋሼን 9 ሰከንድ ሁላችንም አይተናል። የልጁን ማንም በእርግጠኝነት አላየም፤ «አርባ ምናምን» ተባብለን 40 ሞላን። ጋሼ በመዳፍ ሳይሆን በአንድ ጣት እንዲጫኑ ተስማማን። ተጫኑ። ልጁ መለሰ። ጋሼ ማት አሉና 6 ሰከንድ ተረፋቸው። ከዚያ «አየህ፣ ስትሠራ ትሠራለች» አሉት።

ስልክስ? ብዙዎቻችን አሁን የምንጫወተው በስልክ ነው፤ ነጻ አፕ አለ፣ ቆጠራውም ትክክል ነው። ግን መስታወት ነው፤ ቀጭ አይልም። ጣታችሁ እርጥብ ወይም ቅባት ያለው ከሆነ አይሰማችሁም። መሀል ላይ ሰው ይደውላል። ስልክ ከተጠቀማችሁ ኔትወርኩን አጥፉት፣ ንዝረት የሚሰጥ አፕ ምረጡ፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳይንሸራተት ከስሩ ጨርቅ ቢጤ አድርጉ።

ሰዓት ልትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት አታፍሩ። ድንጋይ አስገቡና አስነሱት። በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ፣ የዘንጉን መሀል ሳይሆን ዳር ዳሩን ተጫኑ፤ ቀጭ ባለበት ቅጽበት የሌላው ጎን ቁጥር መነሳቱን እዩ። ሁለቱንም ጎን፣ ደጋግማችሁ። ከዚያ እየቆጠረ ሳለ ጠረጴዛውን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉት። ከጠፋ መልሱለት። ክብደቱንም በእጃችሁ መዝኑት፤ ከስሩ ላስቲክ የሌለው ቀላል ሰዓት በተጫናችሁ ቁጥር ሰሌዳውን ይገፋል። ቆጠራውን ከስልካችሁ ጋር ግማሽ ሰዓት ማወዳደር ትችላላችሁ፣ ግን እሱ ላይ ችግር አታገኙም።

ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ለሳምንታት የማትጫወቱ ከሆነ ድንጋዩን አውጡት። ርካሹ ድንጋይ ከሆነማ የግድ ነው። የልጁን ሰዓት ሞላ የበላው እሱ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ሳይወጣ ከርሞ።